ምስጋና ለማን ይገባል? ስለ አልፍሬድ ዋላስና ስለ ቻርልስ ዳርዊን

የሰው በሬ ቢሰረቅ ባለቤቱ ጎረቤቱን ጠርቶ ዱካውን ይከተላል፤ ባገኘውም ጊዜ በዳኛ ፊት ቆሞ የበሬውን ምልክት ይናገራል። ነገር ግን የሰው አሳብ በሌላ ሰው ስም ሲነገር፥ ወይም አንዱ ብዙ ዘመን የደከመበትን ነገር ሌላው ቀድሞ ሲያወጣው፥ ባለቤቱ ምን ምልክት ይናገራል? አሳብ ቀንድ የለው፥ ጆሮውም አልተተለተለ። ስለዚህ ምስጋናን የመካፈል ነገር ገንዘብን ከመካፈል ይልቅ የሰውን ልብ ይመረምራል። ገንዘቡን ሳይሰስት የሚሰጥ ሰው አይጠፋም፤ «ይህን ያሰበው እገሌ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም» ብሎ በሰው ፊት የሚናገር ግን ጥቂት ነው። አንተም ተማሪ የሆንህ አንባቢ፥ በመልሱ የተመሰገነ ልጅ መልሱን ያገኘው ከጎኑ ከተቀመጠው ባልንጀራው መሆኑን ሲናገር ስንት ጊዜ ሰምተሃል?

እኔ ራሴ በዚህ ነገር ተፈትኜ ወድቄአለሁ። አንድ ጊዜ እኔ ያረቀቅሁት ጽሑፍ በጉባኤ መካከል በሌላ ሰው ስም ሲነበብ ተቀምጬ ሰማሁ። ዝም አልሁ፤ ነገሩን የሚያውቁ ወዳጆቼም ትዕግሥቴን አመሰገኑ። ነገር ግን ትዕግሥት አልነበረም፤ ያን ሰው ባየሁ ቍጥር ለብዙ ወራት ሆዴ ይቈስል ነበር። ዝም ያለ ሰው ሁሉ ይቅር ያለ አይደለም። ከዚህ በኋላ የዋላስን ታሪክ ባነበብሁ ጊዜ ከሌላው ሥራው ሁሉ ይልቅ አንዱ ነገር አስደነቀኝ፤ ይኸውም የተደረገበትን ነገር ያለ ቂም መቀበሉ ነው። እንዴት እንደ ቻለው ለማወቅ ፈልጌ ይህን ጻፍሁ። በዚህ የተጠሩት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

አልፍሬድ ራስል ዋላስ በጥር 1823 በዌልስ አገር አስክ በምትባል ከተማ አጠገብ ተወለደ። አባቱ ገንዘቡን በማይረባ ንግድ አጥፍቶ ስለ ነበረ ልጁ ገና በ14 ዓመቱ ትምህርቱን ትቶ ወጣ፤ ከዚያም ከታላቅ ወንድሙ ጋር መሬት ቀያሽ ሆነ። ሜዳ ለሜዳ ሲዞር ሣሩንና አበባውን ማየት ጀመረ፤ ስማቸውንም ለማወቅ ርካሽ መጻሕፍት ገዛ። በ1844 በሌስተር ከተማ አስተማሪ ሆኖ ሳለ ሔንሪ ቤትስ ከሚባል ወጣት ጋር ተዋወቀ፤ እርሱም ጥንዚዛ መሰብሰብን አስተማረው። ነገሩ ለሰሚው ያስቃል፤ ዳሩ ግን በአንዲት ትንሽ ከተማ ዙሪያ እጅግ ብዙ ዓይነት ጥንዚዛ መኖሩን ያየ ሰው «ይህ ሁሉ ዓይነት ከወዴት መጣ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ሁለቱ ወጣቶች በ1848 ይህን ጥያቄ ይዘው ወደ አማዞን ወንዝ ሄዱ፤ ለመንገዳቸውም ስንቅ የሚሆን ገንዘብ የሚያገኙት ያጠመዱትን ወፍና ቢራቢሮ ለለንደን ሰዎች በመሸጥ ነበር።

ዋላስ አራት ዓመት ከደከመ በኋላ ወደ አገሩ ሲመለስ፥ በነሐሴ 1852፥ የተሳፈረባት መርከብ በባሕር መካከል ተቃጠለች። የሰበሰበው ሁሉ፥ የጻፈውም ከጥቂቱ በቀር፥ በፊቱ ነደደ፤ እርሱም በታንኳ ላይ አሥር ቀን ከቈየ በኋላ ሌላ መርከብ አግኝቶ አዳነው። አስቀድሞም ታናሽ ወንድሙ በዚያው አገር በቢጫ ወባ ሞቶበት ነበር። እንዲህ ያለ መከራ የደረሰበት ሰው ዳግመኛ ባሕር አላይም ቢል ማን ይፈርድበታል? እርሱ ግን ሁለት ዓመት እንኳ ሳይሞላው ወደ ማላይ ደሴቶች ሄደ፤ በዚያም ከ1854 እስከ 1862 ስምንት ዓመት ቈየ። በጠቅላላው 125,660 ናሙና ሰበሰበ፤ ከነዚህም 83,200ው ጥንዚዛ፥ ከ8,000 የሚበልጠው ወፍ ነበረ። በባሊና በሎምቦክ ደሴቶች መካከል ያለውን ጠባብ ባሕር በ1856 ሲሻገር ነገሩ አስደነቀው፤ በወዲህኛው ዳር ያሉት ወፎች የእስያን ወፎች ሲመስሉ በወዲያኛው ዳር ያሉት የአውስትራልያን ይመስሉ ነበርና። ያ ድንበር ዛሬም በስሙ ይጠራል።

በየካቲት 1858 ተርናቴ ከምትባል ትንሽ ደሴት የተጻፈው ደብዳቤ ለታሪኩ ሁሉ መሠረት ነው። በዚያ ወራት ዋላስ ንዳድ ይዞት ብርድና ትኵሳት እየተፈራረቁበት ተኝቶ ሳለ፥ ከብዙ ዓመታት በፊት ያነበበው የቶማስ ማልተስ መጽሐፍ ትዝ አለው። ማልተስ የጻፈው ስለ ሰው ነበር፤ ሰው ከምግቡ ይልቅ ፈጥኖ ይበዛል፥ ረኃብና ቸነፈር ጦርነትም ብዛቱን ይቀንሰዋል ይላል። ዋላስም ይህ ነገር በእንስሳት ዘንድ እጅግ የበረታ መሆኑን አሰበ። በየዓመቱ ከሚወለዱት ብዙዎቹ ይሞታሉ፤ ጥቂቶቹ ይቀራሉ። የሚቀሩት እነማን ናቸው? ለስፍራቸው የሚስማማ ነገር ይዘው የተወለዱት ናቸው። ለምሳሌ የቀጭኔ አንገት የረዘመው ቅጠል ለመድረስ ሲንጠራራ ስለ ኖረ አይደለም፤ ነገር ግን ድርቅ በሆነ ጊዜ አንገታቸው ከባልንጀሮቻቸው ጥቂት የረዘመው ከፍ ያለውን ቅጠል በልተው ስለ ተረፉ፥ ልጆቻቸውም እነርሱን ስለ መሰሉ ነው። ይህ ትንሽ ልዩነት እልፍ ጊዜ ሲደራረብ አዲስ ወገን ይወጣል። ሊቃውንት ዝግመተ ለውጥ የሚሉት ነገር የሚሠራበት መንገድ ይህ ነው፤ መንገዱንም የተፈጥሮ ምርጫ ይሉታል።

ንዳዱ በለቀቀው ጊዜ ዋላስ አሳቡን በጥቂት ቀን ጽፎ ጨረሰ፤ በመርከብም ወደ እንግሊዝ አገር ላከው። የላከውም ለጋዜጣ አልነበረም፤ ከዚያ በፊት ደብዳቤ ይጻጻፈው ለነበረው ለቻርልስ ዳርዊን ነው። ነገሩ የሚረባ መስሎ ከታየውም ለታላቁ የምድር መርማሪ ለቻርልስ ላይል እንዲያሳይለት ለመነው።

አንባቢ ሆይ፥ አሁን ራስህን በዳርዊን ስፍራ አድርገህ አስብ። ዳርዊን የባለጸጋ ሐኪም ልጅ ነበረ፤ ቢግል በምትባል መርከብ ዓለምን ዞሮ በ1836 ከተመለሰ በኋላ በሚቀጥለው ዓመት ስለ ፍጥረት መለወጥ መጻፍ ጀመረ። በ1838 ያንኑ የማልተስን መጽሐፍ አንብቦ ያንኑ አሳብ አገኘ። በ1842 በአጭሩ፥ በ1844 ደግሞ በሰፊው ጻፈው፤ ነገር ግን አላሳተመውም፤ ድንገት ብሞት ታሳትሚዋለሽ ብሎ ለሚስቱ ተናዞ አስቀመጠው። ሰዎች የሚሉትን ፈርቶ ነው ይላሉ፤ ማስረጃ እስኪሞላለት ጠብቆ ነው የሚሉም አሉ። ላይል በ1856 ሌላ ሰው እንዳይቀድምህ ፈጥነህ አውጣ ብሎት ነበረ። በሰኔ 1858 የተርናቴው ደብዳቤ በጠረጴዛው ላይ ተቀመጠ፤ ሲከፍተውም ሃያ ዓመት የሸሸገው አሳብ በሌላ ሰው እጅ ተጽፎ አገኘው።

ደብዳቤውን በእሳት ቢጥለው ማን ያውቅ ነበር? ተርናቴ ሩቅ ናት፤ መርከብም ይሰጥማል። ዳርዊን ግን ወዲያው ለላይል ላከው፤ ዋላስ ወይም ሌላ ሰው ነውረኛ ሥራ ሠራ ከሚለኝስ መጽሐፌን በሙሉ ባቃጥለው እመርጣለሁ የሚል አሳብም ጻፈለት። በዚያው ሳምንት ታናሹ ሕፃን ልጁ በጽኑ ትኵሳት ታሞ ነበር፤ ሰኔ 28 ቀንም ሞተ። በኋላም ለወዳጁ ለሁከር ሲጽፍ፥ ሌላ ሰው ቢቀድመኝ የማያሳዝነኝ ታላቅ ነፍስ ያለኝ ይመስለኝ ነበር፥ ነገር ግን ተሳሳትሁ ብሎ ገለጠለት። እኔ ስለ ዳርዊን ከተጻፈው ሁሉ ይህችን አንዲት ነገር እወዳለሁ። በክብር ፍቅር መያዙን ካደ ብንል ኖሮ ሐሰተኛ ነው ባልን ነበር፤ እርሱ ግን በተያዘበት ስፍራ እንደ ተያዘ ተናገረ። ዋላስን ሰረቀ ብለው የሚከሱት ሰዎች ዛሬም አሉ፤ ነገር ግን የ1844ቱ ጽሑፍና በመስከረም 1857 አሳ ግሬይ ለሚባለው ለአሜሪካው ሊቅ የላከው ደብዳቤ አሳቡ አስቀድሞ የራሱ እንደ ነበረ ይመሰክሩለታል።

ላይልና ሁከር እንዲህ ፈረዱ፤ የዳርዊን የቀድሞ ጽሑፍና የዋላስ ድርሰት አብረው ይነበቡ አሉ። ሐምሌ 1 ቀን 1858 በለንደን በሊኔያን ማኅበር ጉባኤ ተነበቡ፤ የዳርዊን አስቀድሞ፥ የዋላስ በኋላ። ከሁለቱ ጸሐፊዎች አንዱም በዚያ አልነበረም፤ ዳርዊን በዚያ ቀን ልጁን ይቀብር ነበር፥ ዋላስም በኒው ጊኒ ዱር ወፍ ያድን ነበር። ከሁሉ የሚያስገርመው ጉባኤው ከነገሩ ምንም አለማስተዋሉ ነው፤ የማኅበሩ አለቃ በሚቀጥለው ዓመት ስለ ዓመቱ ሥራ ሲናገር ዓለምን የሚለውጥ ግኝት ያልታየበት ዓመት መሆኑን ተናገረ። ታላቅ ነገር በፊታቸው ሲያልፍ እንዲህ ያለውን ሪፖርት የሚያቀርቡ አለቆች በየአገሩ አሉ።

ይህ ፍርድ ቅን ነበረን? እኔ ሙሉ በሙሉ ቅን ነበረ አልልም። ዋላስ ድርሰቱን ለላይል እንዲያሳዩለት ለመነ እንጂ በጉባኤ እንዲያነቡለት አልለመነም፤ ፈቃዱንም የጠየቀው የለም። እርግጥ ደብዳቤ ደርሶ መልስ እስኪመጣ ግማሽ ዓመት ያህል ይፈጅ ነበር፤ ነገር ግን መቸኰሉ የሚጠቅመው ማንን ነበር? የፈረዱትስ የማን ወዳጆች ነበሩ? ዋላስ በለንደን የሚሟገትለት ወዳጅ አልነበረውም። ድሀው ሰው በሌለበት ባለጸጎቹ ተቀምጠው ክብሩን ከፋፈሉ ቢባል ሐሰት አይሆንም። ድርሰቱን በቀጥታ ለአንድ መጽሔት ልኮት ቢሆን ኖሮ የቀዳሚነቱ ስም የእርሱ ይሆን ነበር።

ወሬው ለዋላስ ከወራት በኋላ በተርናቴ ደረሰው። በጥቅምት 1858 ለእናቱ በጻፈው ደብዳቤ ዳርዊንና ሁከር ደብዳቤ እንደ ላኩለትና እጅግ ደስ እንዳለው፥ ወደ አገሩም ሲመለስ የእነዚህን ታላላቅ ሰዎች ወዳጅነት እንደሚያገኝ ነገራት። እነሆ በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ቂም የለም። ደስታው ግን ፍጹም ከጥቅም የተለየ ነበረ ብዬ አላስዋበውም፤ ወፍ ሸጦ የሚያድር ሰው በሊቃውንት ማዕድ ስፍራ ማግኘቱን ዐውቆ ደስ አለው። ሰው ነውና። ዳርዊንም በኅዳር 1859 ስለ ዝርያዎች አመጣጥ የሚናገረውን መጽሐፉን አወጣ፤ ከዚያ ወዲያ ዓለም አሳቡን በዳርዊን ስም ጠራው።

«ድሀ ስለ ነበረ ምን ምርጫ ነበረው? ዝም ማለት የደካማ ብልሃት ነው» የሚል ይኖራል። ለዚህ መልሱ ያለው በቀረው ዕድሜው ውስጥ ነው። ዋላስ ዝምተኛ ሰው አልነበረም። በ1870 ምድር ጠፍጣፋ ናት ከሚል ሰው ጋር በ500 ፓውንድ ተወራርዶ በቦይ ውኃ ላይ ክብነትዋን አሳየ፤ ተሸናፊው ግን ለብዙ ዓመታት በስድብና በክስ አስጨነቀው። ከዳርዊንም ጋር ተከራከረ፤ በ1869 የሰው አእምሮና ኅሊና በተፈጥሮ ምርጫ ብቻ ሊገኝ አይችልም፥ ከዚያ የሚበልጥ ኀይል ሊኖርበት ይገባል ብሎ ጻፈ፥ ዳርዊንም እጅግ አዘነ። የሙታን መናፍስትን እንጠራለን ከሚሉት ጋር መተባበሩ፥ የፈንጣጣንም ክትባት መቃወሙ ስሕተት ነበረ፤ ግን በእነዚህም ቢሆን የሰው ፊት አይቶ ያፈገፈገበት ጊዜ የለም። እንዲህ ያለ ሰው ተበድያለሁ ብሎ ቢያምን ኖሮ ዝም ባላለ ነበር።

ወዳጅነታቸውም እስከ ሞት ጸና። ዋላስ ስለ ማላይ ደሴቶች የጻፈውን መጽሐፍ በ1869 ሲያወጣ ለዳርዊን መታሰቢያ አደረገው። ቋሚ ሥራ አጥቶ ፈተና እያረመ፥ ያለውንም ገንዘብ በክፉ ንግድ አጥቶ በተቸገረ ጊዜ፥ ዳርዊን ወዳጆቹን አስተባብሮ ስለ እርሱ ለመንግሥት አመለከተ፤ በ1881 በየዓመቱ 200 ፓውንድ ጡረታ ተወሰነለት። በሚቀጥለው ዓመት ዳርዊን ሲሞት በዌስትሚንስተር ቤተ ክርስቲያን አስከሬኑን ካጀቡት የክብር ሰዎች አንዱ ዋላስ ነበረ። በ1889 ደግሞ ስለዚሁ አሳብ ትልቅ መጽሐፍ ጽፎ «ዳርዊኒዝም» ብሎ ሰየመው። የገዛ ልጁን በባልንጀራው ስም ጠራው ማለት ነው።

በ1908 የሊኔያን ማኅበር ያ ጉባኤ የተደረገበትን 50ኛ ዓመት ሲያከብር ዋላስ የ85 ዓመት ሽማግሌ ነበረ። ዳርዊን ሞቶአል፥ ላይል ሞቶአል፤ እርሱ ግን በሊቃውንት መካከል ሜዳልያ ሊቀበል ቆሞአል። የፈለገውን ቢናገር የሚከለክለው አልነበረም። እርሱ ግን የእኔና የዳርዊን ድርሻ በደከምንበት ዘመን ልክ ቢመዘን የእርሱ ሃያ ዓመት፥ የእኔ አንድ ሳምንት ነው አለ። ደግሞም አሳቡ ለሁለታቸው እንዴት እንደ መጣ ሲናገር፥ ሁለታችንም በወጣትነታችን ጥንዚዛ ሰብሳቢዎች ነበርን፥ ሁለታችንም ሩቅ አገር ሄድን፥ ሁለታችንም ማልተስን አነበብን አለ። የጥያቄዬን መልስ በዚህ ያገኘሁ ይመስለኛል። አሳቡ ከራሱ ብቻ እንዳልመነጨ ዐወቀ፤ ከቤትስ ጥንዚዛውን፥ ከማልተስ መጽሐፉን፥ ከንዳዱም የተኛበትን ሰዓት ተቀብሎአል። የተቀበለውን የሚቈጥር ሰው የተወሰደበትን ለመቍጠር ብዙ ጊዜ አይተርፈውም። እኔ ያን ጽሑፍ ሳረቅቅ ከስንት ሰው እንደ ለቀምሁት አልቈጠርሁም ነበር።

ነገር ግን ምስጋናን የመካፈል ፈተና ሁለት ደጅ አለው። አንደኛው ሌላው የእኛን ሲወስድ ነው፤ ይህን ፈጥነን እናየዋለን። ሁለተኛው እኛ የሌላውን ይዘን ስንኖር ነው፤ ይህ አይታየንም። ዋላስንም በዚህ በሁለተኛው ደጅ መጠየቅ ይገባል።

በ1855 በሳራዋክ ሳለ አሊ የሚባል የማላይ ወጣት ምግብ እንዲያበስልለት ቀጠረ። አሊ ወፍ መግደልንና ቆዳውን ገፎ ማድረቅን ፈጥኖ ተማረ፤ ከዚያም ደሴት ለደሴት ተከተለው፥ ባሕሩንም ጀልባውንም ሕዝቡንም ከጌታው ይልቅ ያውቅ ነበር። ከለንደን ከገቡት ወፎች እጅግ ብዙዎቹ በአሊ ጥይት የወደቁ ናቸው። በ1858 መጨረሻ በባቻን ደሴት ከአደን ሲመለስ ጌታው አይቶት የማያውቀውን የገነት ወፍ ይዞ መጣ፤ ደረቱ ላይ አረንጓዴ ላባ የሚያብረቀርቅ፥ ከክንፎቹም ረዥም ነጫጭ ላባ እንደ ሰንደቅ የወጣለት ነበር። ዋላስ ከሰበሰባቸው ወፎች ሁሉ የሚደነቀው ይህ ነው። በለንደን ያለው የብሪታንያ ቤተ መዘክር ሊቅ በ1859 ስም ሲያወጣለት በዋላስ ስም ሰየመው። በዱር የተከታተለው፥ ተኵሶ የጣለው፥ በእጁ ተሸክሞ ያመጣው ሰው ስም ግን ከወፉ ጋር አልተጻፈም፤ እንዲጻፍ ያሰበም አልነበረም።

ዋላስ ይህን አልሸሸገም። ወፉን ያመጣለት አሊ መሆኑን በመጽሐፉ ጽፎአል፤ ከረዳቶቹም ሁሉ የሚበልጠው እርሱ እንደ ሆነ መስክሮአል። በ1862 ሲለያዩ ገንዘብና ሁለት ባለ ሁለት አፈሙዝ ጠመንጃ ከጥይት ጋር ሰጠው፥ በሲንጋፖርም ፎቶግራፍ አስነሣው፤ በ1905 የሕይወቱን ታሪክ ሲያሳትም ያን ፎቶግራፍ አገባበት። ለዘመኑ ሰው ይህ ብዙ ነው፤ ሌሎች ሰብሳቢዎች የረዳቶቻቸውን ስም እንኳ ሳይጽፉ ያልፉ ነበርና። ቢሆንም ከዳርዊን ጋር ሲመዘን ሃያ ዓመትንና አንድ ሳምንትን የለየ ሚዛን፥ ከአሊ ጋር ሲመዘን እንዲሁ ተደርጎ ሲነሣ አናይም። ጠመንጃ ሰጠው፤ ፎቶግራፉንም በመጽሐፉ አኖረለት፤ በሊቃውንት ጉባኤ ግን ድርሻው ይህን ያህል ነው ብሎ የተናገረለት የለም።

በ1907 ቶማስ ባርቡር የሚባል አሜሪካዊ የተፈጥሮ መርማሪ ወደ ተርናቴ ሄዶ ነበር። በመንገድ ላይ አንድ የሸመገለ የማላይ ሰው ቀርቦ አነጋገረው፤ ስሙንም ነገረው፤ አሊ ዋላስ ነኝ አለ። ባርቡርም ሽማግሌውን ፎቶግራፍ አንሥቶ ወደ እንግሊዝ አገር ላከ፤ ዋላስም ከ45 ዓመት በኋላ የዚያን ወጣት ፊት አርጅቶ አየው።